አይሰምጥም የተባለው ጀልባ

የሱቅ ሰው ነኝ፤ የነጋዴን አፍ ከውስጥ አውቀዋለሁ። «ኦሪጅናል ነው» የምለው ዕቃው ቀለሙ ከሌላው ደመቅ ሲል ነው። «እሱ እኮ አይሰበርም» የምለው ደግሞ እስካሁን ማንም ሰብሮ ስላልመለሰልኝ ነው። ስለዚህ ባለቤቴ አንድ ቀን ከሰዓት ሱቅ ገብቶ «የማይሰምጥ ጀልባ አገኘሁ» ሲለኝ እኔ ሳላየው እንዳይከፍል አስጠነቀቅሁት።

ነገሌ ላይ ያን ጊዜ ጀልባ ቀልድ ነበር። ከብት፣ ግመል፣ አይሱዙ የሚገዛ እንጂ ጀልባ የሚገዛ ሰው አናውቅም። ገናሌ ተገድቦ ውሃው ሐይቅ ከሆነ ወዲህ ግን ዓሣ የሚያወጡ ሰዎች ብቅ ብቅ ማለት ጀምረዋል። ባለቤቴ ወገቡ አላስነዳ ብሎት ሹፍርናውን ከተወ በኋላ ቤት መዋሉ አንገብግቦት ነበርና ዓሣ አጠምዳለሁ ብሎ ተነሳ። ዋና አይችልም። ያደገው ዱብሉቅ ነው፤ እዚያ ውሃ ከጥልቅ ጉድጓድ ተቀድቶ ለከብት ይቀርባል እንጂ ማንም አይዋኝበትም። ግድቡ ውስጥ አዞ አለ የሚሉም ነበሩ። እሱ ስለ ዓሣ ባወራ ቁጥር እኔ የሚታየኝ ባዶ ጀልባ ነበር።

ጀልባው አውራ መንገዱ ዳር አንድ ግቢ ውስጥ፣ አቧራ ላይ ተቀምጧል። ሻጩ ከሐይቅ አገር የመጣ አፈ ጮሌ ጎልማሳ ነው።

«ፋይበር ነው፣ እናቴ። የውጭ ስታንዳርድ፣ ድርብ ወለል። ከወለሉ ሥር ፎም ስለተሞላ ቢፈልጉም አይሰምጥም። ስድስት ሰው ይጭናል።»

«ስድስት እንደ እኔ ያለ ነው ወይስ እንደ አንተ?» አልኩት። ወፍራም ነኝ፤ እሱ ደግሞ ሸንበቆ ነው። ሳቀ፤ እኔ ቀጠልኩ። «መረቡና ዓሣውስ ከስድስቱ ተቆጥሯል?»

«ዋስትና አለው እኮ፣ እናቴ።»

«ማን ነው የሚሰጠኝ?»

«ድርጅቱ። አዲስ አበባ።»

ላም አለኝ በሰማይ። ባሌ ሐይቅ መሃል ቢሰምጥ አዲስ አበባ ደውዬ ምን ልል ነው? ባለቤቴ ክንዴን ነካ አድርጎ ሰውየውን እንዳላስቀይም በኦሮምኛ ለመነኝ። ልቡ ሄዷል። የሱ ልብ መሄድ ነው ይበልጥ ያስጨነቀኝ።

እኛ ጋ በርሜልም ሆነ የከብት ገንዳ የሚገዛው ውሃ ተሞልቶ ካደረ በኋላ ነው። ጠዋት ሥሩ ከረጠበ ዕቃው ለሻጩ ይመለሳል። ጀልባ የምፈትሽበት ሌላ ዘዴ ስለማላውቅ ይሞላልኝ አልኩ። ሻጩ ጀልባ እንዲህ አይፈተሽም ብሎ ተከራከረ፤ እውነቱን ነበር፤ ጀልባ የሚያሰጋው ከውጭ የሚገባ ውሃ ነው። እኔ ግን ካልሆነ ይቅር አልኩ፤ እሱም ገዢ እንዳይሸሸው ፈቀደ። በጋው ጠንቶ ውሃ በአህያ ጋሪ የሚሸጥበት ጊዜ ነው። ጀሪካኖቹ ሲገለበጡ ሰው አጥሩ ላይ ተሰበሰበ።

«በዚህ ድርቅ ጀልባ ታጠጫለሽ?» አለችኝ አንዲት ጎረቤቴ። አፈርኩ። ግን ከመበለትነት ሐፍረት ይሻለኛል ብዬ ቀጣዩን ጀሪካን አስገለበጥኩ።

ጠዋት ሄደን አየን። ከሥሩ አንዲት ጠብታ የለም። ባለቤቴ ፊቱ በራ። የሰው አፍ እንዳይበላኝ ጎረቤቶቼን ጠርቼ ውሃውን ለፍየሎቻቸው አስቀዳኋቸው። ከዚያ ወንዶቹ የቀረውን ለመድፋት ጀልባውን በአንድ ጎኑ ሲያነሱት ከወለሉ ሥር ቦጭ ቦጭ የሚል ድምፅ መጣ። መልሰው ሲያስቀምጡት ደግሞ ቦጭ አለ። ሁሉም ሻጩን አዩት።

«ትንሽ ገብቶ ይሆናል» አለ። «ይደርቃል።»

ጠርጥር፣ ከገንፎ ይገኛል ስንጥር። ፎም ቢሞላበት ኖሮ ውሃው ወዲያ ወዲህ የሚልበት ቦታ አያገኝም ነበር። ወለሉ ያስገባል፤ ሥሩም ባዶ ነው። አይሰምጥም የተባለው ያ ባዶ ቦታ ፎም አለበት ተብሎ ነበር። ጀልባውን ለሻጩ ትተን ወደ ቤት ተመለስን።

በሳምንቱ ገንዳና ታንከር ወደሚሠራ አንድ በያጅ ሄድን፤ ለዓሣ አጥማጆች የቆርቆሮ ጀልባ ሠርቷል ተብሎ ነው። አካም፣ ናጋ ብለን ሰላምታ ተለዋወጥንና ቀጥታ «ይሰምጣል?» አልኩት።

መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። «ውሃ ከሞላው ይሰምጣላ፣ አዴ። ብረት እኮ ነው። የገባውን ውሃ መቅጃ ይዛችሁ ግቡ። ከሁለት ሰው በላይ አይሆንም። ንፋስ ከተነሳ ውጡ።»

ይሰምጣል መባሉን አልወደድኩትም፤ ግን ከሰማሁት ሁሉ የሚታመነው እሱ ነበር። አሠራነው።

ጀልባው ውሃ በነካበት ጠዋት አብሮት ሊያጠምድ ተስማምቶ የነበረ አንድ ጎረቤታችን ሳይመጣ ቀረ። ባለቤቴ ብቻውን ገብቶ ተቀመጠ፤ ዳር ላይ ወደቆምኩት ወደ እኔ ዞረ።

«ነይ ግቢ።»

«እኔ?»

«አንቺ አይደለሽ የመረጥሽው?»

ለእሱ ይበቃል ብዬ የመረጥኩት ጀልባ ለእኔ አልበቃ አለኝ። ይህን ከፊቴ እንዳያነበው ፈጠን ብዬ ጫማዬን አወለቅሁና ገባሁ። ጀልባው ዘመም ሲል ጠርዙን ጨበጥኩ። ቀና ብዬ ባየው እሱም በሁለት እጁ ጠርዙን ይዟል።

«ፈርቻለሁ» አለኝ።

አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«እኔም» አልኩት። ከዚያ አንድ አንድ መቅዘፊያ አንስተን መቅዘፍ ጀመርን።