ኮፋኖ ሥር የቀረው ነጠላ

ሀይሌ ጋርመንት አጠገብ ከምሠራበት የመኪና ኤሌክትሪክ ሱቅ ፖሊሶች ሲወስዱኝ እጄ ገና ግራሶ እንደነካው ነበር። «ለጥያቄ ነው» አሉኝ። ጣቢያ ስንደርስ ዚፑ ብረት ነው ብለው ቱታዬን አስወለቁኝ፤ ከሥር በለበስኩት ስስ ቢጫ ጉርድ ቀረሁ። የሴቶቹ ክፍል እግር ዘርግቶ አያስተኛም፤ የሽንት ባልዲው በሩ ሥር ነው። በማግስቱ የወር አበባዬ መጣ። ጉርዴን ከኋላ ደም ነካው፤ ለእኛ የሚሰጥ ውሃ አልነበረም። አገሬ ጋሞ ነው፤ እዚህ ከተማ ቅያሪ ልብስ የሚያመጣልኝ ዘመድ የለኝም።

ግድግዳ ተደግፌ አልነሳም ስል አንዲት እናት ገባቸው። የፉሪ ገበሬ ናቸው፤ የታሰረ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው እዚያው አስቀሯቸው። ነጠላቸውን ወገቤ ላይ አሰሩልኝ።

«ሴት ነን፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

እሳቸው ስኳር ነበረባቸው፤ መርፌያቸው ቤት ቀርቷል። ከሰዓት በኋላ ምላሳቸው ተሳሰረ። በሩን ደበደብን። ሳጅኑ አይቷቸው ደነገጠ፤ ሐኪም ቤት የምታደርሳቸው የጣቢያው አሮጌ ፒክአፕ ግን ግቢ ውስጥ ቆማ አልነሳም ብላለች።

«ጠዋት ስትሠራ ነበር። ሲሞቃት ነው የምታኮርፈው» አለ።

«ስትበርድስ ትነሳለች?» አልኩት።

«መካኒክ ነሽ እንዴ?»

«ኤሌክትሪክ ነው ሥራዬ።»

«በይ ጴንጤዋ፣ ጸልየሽ አስነሺልን» ብሎ ከፈተልኝ፤ ሌሊት ስጸልይ ሰምቶኛል።

ግቢው ውስጥ ፀሐይ ሊሞቁ የወጡ ወንድ እስረኞች ነበሩ። ነጠላውን አጥብቄ ያዝኩ። ኮፋኖውን ከፍቼ አንድ ካንዴላ፣ ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ ሰጪ፣ ፈታሁ፤ ገመዱ ላይ ሰክቼ የሞተሩን ብረት አስነካሁትና ሳጅኑን «ሞክር» አልኩት። ብልጭታ የለም። ኮይሉ አጠገብ ያለችውን ሞጁል፣ ብልጭታውን የምታዘውን ትንሽ ሳጥን፣ ነካሁ፤ ታቃጥላለች። እንዲህ ያለች ሞጁል በርዳ ስትፈተን ደህና ናት፤ ስትግል ትከዳለች። እርጥብ ጨርቅ ሲያቀዘቅዛት ብልጭታው ከተመለሰ ጥፋቱ የእሷ ነው።

ጨርቅ ስጡኝ ብል ቤንዚን የጠገበ ቡትቶ አመጡልኝ። የጋለ ሞተር ላይ እሱ እሳት ነው።

«ሌላ የለም?»

«ሸሚዜን ላውልቅልሽ?» አለ ሳጅኑ። ወንዶቹ ሳቁ።

በዚህ መሃል እናቲቱን ደግፈው አወጧቸው። አንገታቸው ወድቋል። «ጌታ ሆይ» አልኩ በልቤ፤ ጸሎቱን አልጨረስኩትም። ነጠላውን ፈታሁ።

ከኋላዬ ሳቁ ቆመ። አንዱ ቀስ ብሎ «ውይ» አለ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። ለራዲያተር ከተቀመጠው ጀሪካን ውሃ አፍስሼ ነጠላውን ነከርኩ፤ ጨምቄ ሞጁሏ ላይ ጠቀለልኩት። ጀርባዬን ለሁሉም ሰጥቼ እስክትቀዘቅዝ ቆምኩ።

«አሁን ሞክር።»

ካንዴላው ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ዘለለ።

ካንዴላውን መልሼ አሰርኩ። «ጨርቁ እዚያው ይቆይ፤ ከደረቀ መንገድ ላይ ትቆማለች። ውሃውንም ያዝ» አልኩት።

«እሺ እህቴ» አለ ሳጅኑ፣ መሬት መሬት እያየ።

ፒክአፗ ነጠላውንም እናቲቱንም ይዛ ወጣች። ወንዶቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር። ጉርዴን በእጄ ልሸፍን አማረኝ፤ አልሸፈንኩም። ሳልሮጥ ግቢውን አቋርጬ ክፍላችን ገባሁ።

ከተፈታሁ በኋላ ፉሪ ድረስ ሄጄ፣ ድነው ቤታቸው ለገቡት እናት አዲስ ነጠላ ሰጠኋቸው። «ያኛውን ፖሊስ ለበሰው?» ብለው ሳቁብኝ። ዛሬም ሱቅ ውስጥ አሮጌ መኪና ሲመጣልኝ ሞጁሉን አሙቄ በእርጥብ ጨርቅ እፈትናለሁ። ብልጭታው በተመለሰ ቁጥር፣ ሳላስበው፣ እጄ ከኋላ ጉርዴን ይዳስሳል።