ያገባች ልጅ ድርሻ

ኬንያ፣ ኢስትሊ ሰፈር ባለችው ምግብ ቤቴ ወጥ የምትሠራልኝ ሴት ኬንያዊት ናት። አማርኛ የተማረችው እኔ ጓዳ ሽንኩርት እየከተፈች ስለሆነ፣ ስትቆጣ ቁርጥ እኔን ነው የምትመስለው።

አባቷ ከሞቱ በኋላ ታላቅ ወንድሟ «ያገባች ሴት መሬቷ ባሏ ዘንድ ነው» ብሎ ከውርሱ አስወጣት። ባሏ ግን ጥሏት ከሄደ ቆይቷል፤ ልጆቿን ይዛ የምትገባበት ሌላ ቦታ የላትም። ስለዚህ ወንድሟን ፍርድ ቤት ከሰሰችው። የዱሮው ልማድ ከወንድሟ ጋር፣ አዲሱ ሕግ ከእሷ ጋር ነበር። እኔ እንኳ በሕጉ ብዙም ተስፋ አልጣልኩም። የእኛ አባት ግቢ ሲከፋፈል ወንድሞቼ ተቀምጠው ሲማከሩ እኔ ምሳ አቀርብ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ነገሬ አላልኩትም።

እዚህ አገር ችሎት በስልክ ቪዲዮ መቅረብ ተለምዷል። ፍርዱ በሚነበብበት ቀን ስልኳን በበርበሬ ጣሳ አስደግፈን የጓዳውን በር ዘጋን። የማታቱ ሚኒባሶች ጡሩምባ ግን በር ተዘጋ ብሎ ዝም አይልም። ዳኛዋ ብቅ ሲሉ ሽርጧን ፈትታ ብድግ አለች። እኔም ምን አግብቶኝ እንደሆነ እንጃ፣ ማማሰያዬን እንደያዝኩ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

በስክሪኑ ሌላ ጥግ ወንድሟ ገጠር፣ እዚያው የሚካሰሱበት መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ከጀርባው በቆሎው ይታያል። እናታቸው ከጎኑ ናቸው። በገዛ ሴት ልጃቸው ላይ የመሰከሩት እሳቸው ናቸው። ሳያቸው ደሜ ፈላ።

ዳኛዋ በእንግሊዝኛ አንብበው ሲጨርሱ ለእናትየው ብለው በስዋሂሊ ደገሙት።

«አገባችም አላገባችም ልጅ ልጅ ናት። ከወንድሞቿ እኩል ትወርሳለች።»

ስንት ትውልድ አይነኬ ነው ሲለው የኖረ ነገር፣ አንዲት ሴት ድምፅዋን እንኳ ከፍ ሳታደርግ ስታፈርሰው አየሁ። እንዲህም ይቻላል እንዴ አልኩ። ባለጉዳይዋ ግን አላለቀሰችም።

«እትዬ፣ ሰሙ?» ብቻ አለችኝ።

ወንድሟ ሊናገር ሲል እናቱ ክንዱን ያዝ አደረጉት። ወደ ስልኩ በጣም ከመጠጋታቸው የተነሳ በቆሎውም ልጃቸውም ተሸፈኑ።

«ክብርት ዳኛ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ይህ ሕግ አሮጊትም ይጨምራል? የእኔም አባት እኮ መሬት ነበረው።»