የእናቴ የአሸዋ ቁልል

ዛሬ ጠዋት በአሸዋ ነጋዴው በይማም ግቢ ጎረቤቱ ሁሉ እርጥብ አሸዋ በጆንያ ይሞላ ነበር። የሮቢ ወንዝ አጥሩን ጥሶ ሊገባበት ነው። የአሸዋው ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ ልጅነቴ መጣብኝ።

ያኔ በወንዙና በሽንኩርት ማሳችን መካከል ከእናቴ ቁመት የሚበልጥ የአሸዋ ቁልል ነበር። ቀን እግር ያቃጥላል፤ ማታ ላዩ ላይ ስንከባለል ፀጉሬ ውስጥ ይገባል። ደራሽ ውሃ ሲመጣ እሱን ገጭቶ ይመለሳል። አንድ ቀን ይማም የጭነት መኪናውን ይዞ መጣ።

እናቴ ከመኪናው ፊት ቆመች። «ጋሼ ይማም፣ ተዉት። አንቱንም እኮ ነው የሚጠብቀው።»

የእሱ ግቢ ከማሳችን በታች ራቅ ብሎ ስለነበር አልገባኝም፤ ልታባብለው ያለችው መሰለኝ። እሱ ሳቀ።

«አሸዋው የአላህ ነው፣ ዘሀራ። ወንዙ ሌላ ያመጣልሻል።»

ጭኖ ወሰደው። በዚያው ክረምት ውሃው በባዶው ቦታ ገብቶ ሽንኩርቱን ከነአፈሩ ጠረገው። ጭቃ ውስጥ ተንበርክካ የተረፈውን ስትለቅም የእናቴ ጀርባ አሁንም ይታየኛል። ይማምን ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ በልቤ ግን አንተ ካልኩት ቆየሁ። ወንዙ በማሳችን በኩል በየክረምቱ እየሰፋ ወደ ይማም ግቢ ሲወርድ አየሁ፤ ዝም አልኩ።

ዛሬ አካፋ ዘረጋልኝ። «የዘሀራ ልጅ፣ ምን ቆመሻል? ቤቴ ሊሄድ ነው እኮ!»

እጆቼን አጣመርኩ።

«ግድ የለም፣ ጋሼ ይማም» አልኩት። «ወንዙ ሌላ ያመጣልዎታል።»