ባዶው ጀሪካን

አንድ ሽማግሌ በጣቶቻቸው የጀሪካናቸውን እጀታ በጨርቅ ቁራጭ ይጠቀልላሉ፤ ፈትተው ደግሞ ይጠቀልላሉ። ከተማው ሰፍቶ ውሃ ስላነሰ የሰፈሩ ሰው አዳራሽ ተሰብስቦ ይመክራል። እኚህን ሽማግሌ የሚያውቃቸው የለም። ውሃ ሊቀዳ ለወጣ ሰው ኮታቸው በደንብ ተተኩሷል፤ ጥቁሩን ቁልፍ ግን በነጭ ክር ሰፍተውታል። አጠገባቸው ልቀመጥ ስል ጀሪካኑን ከወንበሩ ላይ አነሱልኝ።

«ይቀመጡ፣ ይቀመጡ፤ ሰው የለውም።»

ሰብሳቢው፣ «አባባ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» ቢላቸው፣ «እናንተ ተጫወቱ ልጄ፣ እኔ እየሰማሁ ነው» አሉ።

ስብሰባው አብቅቶ ሰው ሲበተን እሳቸው ወንበር መደርደር ያዙ።

«ቦኖው ሊዘጋ ነው እኮ! ውሃዎን አይቀዱም?» አልኳቸው።

«አንድ ሰው ምን ያህል ውሃ ይፈጃል ብለው ነው?» አሉና ሌላ ወንበር አነሱ።

የመጨረሻውን ሲያስቀምጡ የቦኖው ጠባቂ ቁልፉን ይዞ በደጅ አለፈ። ጀሪካኑ በሩ ሥር ባዶውን ቆሟል።