የማያርፈው ወፍጮ

ወልቂጤ መብራት በጠፋ ቁጥር ከምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ማዶ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ጄኔሬተሩን ያስነሳል። መጀመሪያ ጥቂት ያስለውና ይረጋል፣ ከዚያ ሹፍ፣ ሹፍ፣ ሹፍ እያለ በአንድ ልክ መምታት ይጀምራል፤ እኔም የያዝኩትን መጽሐፍ ሳላስቀምጥ በሌላው እጄ አንገቴን ዳብሼ የደም ሥሬን እፈልጋለሁ። ድምፁ ከልቤ ምት ጋር እኩል እንደማይሄድ፣ ከውጭ እንደሚመጣ ካረጋገጥኩ በኋላ ነው ወደ ሥራዬ የምመለሰው። ልማዱ ከእናቴ የቀረልኝ ነው፤ የእናቴ በሽታ ወደ ቤታችን የገባው የወፍጮ ድምፅ መስሎ ነበርና።

የምንኖረው ቡታጅራ ነበር። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር፣ አባቴም ከመስቃንና ከማረቆ ገበሬዎች በርበሬ እየገዛ ወደ አዲስ አበባ ለሚጭኑ ነጋዴዎች ያስረክብ ነበር። ከጓሯችን አጥር ጀርባ በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ ቤት ነበረ፤ ጠዋት ተነስቶ እስኪመሽ ሲመታ ውሎ፣ ዓርብ ዓርብ ባለቤቱ ለጁምዓ ሲሄድ ብቻ ያርፍ ነበር። በአንዱ ክረምት እማ ታናሽ ወንድሜን ከሪምን ወለደችና አራስ ቤት ገባች። በእኛ ዘንድ አራስ የምትበላው ብዙ ነው፤ ቅቤ የጠጣ ቆጮ፣ የቡላ ገንፎ፣ አይብ፣ እንደገና ቅቤ። ሴት ከአራስ ቤት ስትወጣ ፊቷ ሞልቶ፣ ክንዷ ወፍሮ ካልታየ የሚታማው ባሏ ነው። እማ ስትወጣ አምባሯ ከእጇ አልወጣ ብሎ በሳሙና ነበር ያወለቅነው፣ አባም ይህንኑ ለጎረቤቱ ሁሉ ሲያወራ ሰነበተ።

ዝናቡ ቀርቶ የጓሮው ጭቃ መድረቅ ሲጀምር፣ አንድ ዓርብ፣ እማ ከሪምን እያጠባች ቀና አለችና ጠየቀችኝ።

«ሰሚራ፣ ዛሬ ጁምዓ አይደል እንዴ? ወፍጮው ለምን አላረፈም?»

«አርፏል እኮ፣ እማ።»

«ታዲያ ይሄ የሚመታው ምንድን ነው?»

እኔ ነገር ሳላጣራ የማልተው ልጅ ስለነበርኩ በአጥሩ ቀዳዳ ሄጄ አየሁ። የወፍጮ ቤቱ በር በሰንሰለት ተቆልፏል፣ ዶሮዎች ደጁ ላይ የፈሰሰ ዱቄት ይለቅማሉ። ተመልሼ ነገርኳት። መዳፏን ጆሮዋ ላይ ጫን አድርጋ ቆየች። በሚቀጥለው ዓርብ እንደገና ጠየቀችኝ፤ ከዚያ ወዲያ መጠየቁን ተወችው።

ራስ ምታቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሰው ራስ ምታት ጋደም ሲሉ ይሻለዋል፣ የእሷ ግን ተኝታ ስታድር ይብስባት ነበር። ጠዋት ከእንቅልፏ የምትነሳው ግንባሯን በሁለት እጇ ይዛ ነበር፣ አንዳንዴም ሆዷን ሳያማት፣ እንኳን ሳያቅለሸልሻት ድንገት ታስመልስና፣ ፀሐይ ከፍ እስክትል ግድግዳ ተደግፋ ከተቀመጠች በኋላ ቀስ በቀስ ይተዋት ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ጦይባ ግን «የአራስነት ብርድ ነው» ብላ ፈረደች። አናቷን በቅቤ እያራሰች፣ ትራሷን ከሥሯ እየነጠቀች፣ «ቀጥ ብለሽ ተኚ፣ ደሙ ይመለስልሽ» ትላት ነበር። እማ ለሰው እንቢ ማለት አይሆንላትም። እትዬ ጦይባ እስክትወጣ ጥርሷን ነክሳ ትተኛና፣ የውጭው በር ሲዘጋ «ነይ አንሺኝ» ትለኝ ነበር።

በኅዳርና በታኅሣሥ የበርበሬው ወቅት ሲደርስ ቤታችን ከአፍ እስከ ገደፉ በጆንያ ይሞላ ነበር። ማስነጠስ ለእኛ እንደ መተንፈስ ነው፣ ማንም ልብ አይለውም። በዚያ ዓመት ግን እማ ባስነጠሰች ቁጥር ጭንቅላቷ እንዳይፈነዳ የምታቅፈው ይመስል ራሷን በክንዶቿ ትሸፍን ነበር። አባ አንድ ቀን ቆሞ ሲያያት ቆየና «በርበሬው ነው» አለ። ቡታጅራ ውስጥ ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚከሰሰው በርበሬ ነው። በማግስቱ ጆንያውን ሁሉ በጋሪ አስጭኖ እንሴኖ ከተማ ያለው ወንድሙ ቤት ወሰደው፤ በሰው ቤት ያለ ሸቀጥ ይጎድላል፣ ይረጥባል፣ ገዢ ሲመጣ ደግሞ ያን ሁሉ መንገድ መመላለስ አለ፣ ይህን ሁሉ እያወቀ ነው ያደረገው። ቤቱ ተጠረገ፣ ሽታው ወጣ፣ እማም ማስነጠሷን ተወች። ራስ ምታቱ ግን ባለበት ቀረ። አባ ባዶው ክፍል መሀል ቆሞ «እንግዲህ ምን ቀረ?» ሲል የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

በዚያው በጋ ሌላ ነገር ተጨመረ። ሩቅ ያለ ነገር ሁለት ይሆንባት ጀመር። አባ ከእንሴኖ ሲመለስ ከደጃፉ ቆማ «ከማን ጋር ነው የመጣው?» ትለኝ ነበር፣ እሱ ግን ብቻውን ነበር። ጎንበስ ብላ ቀና ስትል ደግሞ ዓይኗ ይጠፋና ይመለስ ነበር። «መብራት ኃይል እንደሚያደርገው ነው» አለችኝ አንድ ቀን፣ ሳቅ ብላ፣ «ድርግም ይልና መለስ ይላል።» ከዚያ ሳቋ ቀረና ክንዴን ያዘች። «ለአባትሽ እንዳትነግሪ። ዓይኗ ጠፋ ከተባለ ጅን ነው ይሉኛል፤ ሸይኽ ለሸይኽ ያዞሩኝና ከሪምን ከጡቴ ያነሱታል።»

ስለዚህ ጎንበስ የሚያሰኘውን ሥራ ሁሉ እኔ ያዝኩት። ቤት መጥረግ፣ ልብስ ማጠብ፣ እንሰት መፋቅ፣ ከሪምን ከመሬት ማንሳት የእኔ ሆነ። በሚመጣው መስከረም ትምህርት ቤት ልመዘገብ ነበር፣ እሱም ለሌላ ዓመት ይደር ተባለ። አሥር ዓመት ሆኖኝ ነበር፣ የማውቀው ፊደል ቢኖር የአባ በርበሬ የሚጫንበት መኪና በር ላይ የተጻፈውን ነበር። አላዘንኩም ብል ውሸት ነው፤ ግን ከማዘን ይልቅ ደክሞኝ ነበር፣ ለመተኛትም ለመንቃትም እኩል ደክሞኝ ነበር።

ከሁሉም የሚከብደው ሶላቷ ነበር። ሱጁድ ወርዳ ግንባሯን ምድር ካስነካች በኋላ ቀና ስትል ዓይኗ አብሯት አይነሳም፤ እሷም ተቀምጣ፣ ሳትነቃነቅ፣ ፊቷን ወደ ፊት አድርጋ ትጠብቀው ነበር። እኔ ከጎኗ ሆኜ ጣቶቿን አያለሁ። ብርሃኑ ሲመለስላት ጣቶቿ ጉልበቷ ላይ ይፈቱ ነበር።

በበልግ አረፋ ደረሰ። በእኛ አገር ለአረፋ አገር ቤት የማይገባ ሰው የለም፤ የእማ እህት አክስቴ ነፊሳም መርካቶ ያላትን የልብስ ሱቅ ዘግታ መጣች። በሴቶች አረፋ ቀን፣ ከእርዱ በፊት፣ ሴቶቹ እኛ ቤት ተሰብስበው ጎመኑንና አይቡን በቅቤ ሲያሰናዱ ዋሉና ዙህር ሲደርስ እዚያው ሰገዱ። እማ እንደ ልማዷ ከሁሉም ኋላ ቀረች።

«የከድጃ ነገር» አለች እትዬ ጦይባ ሶላቷን ጨርሳ ነጠላዋን እያጣፋች፣ «እኛ ተነስተን ጎመን እንከትፋለን፣ እሷ ገና ከአላህ ጋር ወሬ ላይ ናት።»

«ዱዓዋ ረዥም ነው» አለች አንዷ።

«አንቺ፣ ለብቻሽ ነው እንዴ ጀነት የምትገቢው? እኛንም አስቢን እንጂ» ብላ እትዬ ጦይባ ስታሾፍ ሁሉም ሳቁ።

እማ ሰግዳ ጨርሳ እዚያው መስገጃው ላይ እንደተቀመጠች ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ወደ ሴቶቹ ሳይሆን ማንም ወዳልነበረበት ወደ ግድግዳው ነበር። ከጎኗ የተኛውን ከሪምን ፍለጋ እጇን ዘረጋችና ባዶውን ምንጣፍ መታ መታ አደረገች፣ እሱ ግን ነቅቶ እየዳኸ ቅቤው የሚነጠርበት እሳት አጠገብ ደርሷል። ዘልዬ በቀሚሱ ጎተትኩት። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። ከዚያ ልጁን እንዳቀፍኩ አዋቂዎቹን አረምኳቸው።

«ዱዓ አይደለም» አልኩ። «ዓይኗ እስኪመለስላት ነው የምትጠብቀው። ጎንበስ ስትል ይጠፋባታል።»

አንዷ ተነስታ ቅቤውን ከእሳቱ አወረደችው።

«ማን ጠየቀሽ?» አለች እማ፣ ቀስ ብላ።

አክስቴ ነፊሳ እሷን ተወት አድርጋ ወደ እኔ ዞረች። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከበርበሬው ጊዜ ጀምሮ። ራሷንማ ከዚያም በፊት ነው የሚያማት። ዓርብ ወፍጮው ሲያርፍም ትሰማዋለች።»

አክስቴ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «አረፋው እንዳለፈ ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ» አለቻት እህቷን።

«ልጁስ?»

«ልጁም ይመጣል፣ የልጁ አዛይም ትመጣለች» አለችና አየችኝ።

አዲስ አበባን ያየሁት እንደዚያ ነው፣ ከሪም ጀርባዬ ላይ ሆኖ፣ ከሆስፒታል ወረፋ ውስጥ። የዓይን ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ እማን ጨለማ ክፍል አስገብቶ በትንሽ መብራት ዓይኗን ለረዥም ጊዜ አየ፣ ሌላ ሐኪም ጠርቶም አሳየ። ከዚያ ለአክስቴ ሲያስረዳት ሰማሁ። ጭንቅላት ውስጥ አንጎልን የሚከብ ውሃ እንዳለ፣ የእማ ውሃ ግፊቱ እንደበዛ፣ ግፊቱም ከዓይኗ በስተጀርባ ያለውን ነርቭ እንዳሳበጠው፣ የምትሰማው ወፍጮም የራሷ ደም እንደሆነ ተናገረ። ቶሎ ካልተደረሰላት ዓይኗ ድርግም ብሎ አንድ ቀን እንደማይመለስም ነገራት። ግፊቱን ለመለካትና ለመቀነስ ከወገቧ በመርፌ ውሃ መቅዳት ያስፈልጋል ሲል አክስቴ ፊቷ ተለወጠ።

«ከጀርባዋ ተቀድቶላት ሽባ ሆና የቀረች ሴት አለች ሲባል ሰምቻለሁ» አለች።

እማ ግን አቋረጠቻት። «ዓይኔ ከሚሄድ እግሬ ይሂድ» አለች። «ተቀምጬም ቢሆን ልጆቼን ልያቸው።»

ተሠርቶላት ካበቃ በኋላ አስገቡን። በጎኗ ተኝታ ነበር፣ እጇን ዘርግታ የከሪምን እግር ያዘችና ዓይኗን ጨፈነች።

«ሰሚራ» አለችኝ፣ «ወፍጮው ቆመ።»

ነርሷም አክስቴም ግራ ገብቷቸው ተያዩ። እኔ ግን ከአልጋው እግር ሥር ተቀመጥኩና፣ ከክረምት ጀምሮ ያላለቀስኩትን ያህል አለቀስኩ።

ተረት ቢሆን እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። ሐኪሙ ድምፁ ሊመለስ እንደሚችል አስቀድሞ ነግሯት ነበር፣ ተመለሰም። የዓይኗ ዳር ዳር የጠፋው ግን ተመልሶ አልመጣም፤ ፊት ለፊት ያለውን ታያለች፣ በጎን የሚመጣ ሰው ግን ከየት እንደበቀለ ሳታውቅ ያስደነግጣት ነበር። ክኒን ታዘዘላት፣ ሲውጡት ጣትን የሚነዝር፣ ለስላሳ መጠጥን እንኳ ብረት ብረት የሚያሰኝ ክኒን። ከሁሉም የከፋው ትእዛዝ ግን ክብደት ቀንሺ የሚለው ነበር። ቅቤውን ተወችው። ክረምቱ ሲገባ ጉንጯ ጎደለ፣ አምባሩ ክንዷ ላይ እስከ ክርኗ ይንሸራተት ጀመር፣ ገበያውም በአባ ላይ ተነሳ።

«ሽኩር፣ ሚስትህን ቆጮ ነሳሃት እንዴ?» ይሉት ነበር።

«ድርሻዋን እኔ እየበላሁላት ነው» ይል ነበር አባ ሆዱን እየደባበሰ፣ ቤት ሲገባ ግን ኩታውን ሳያወልቅ ጥግ ይዞ ይቀመጥ ነበር። የአልጋዋን ራስጌ በጡብ ከፍ ያደረገላት፣ የእንሰት መፋቂያውን ጣውላም ቆማ እንድትፍቅ ግድግዳው ላይ ከፍ አድርጎ የቸነከረላት እሱ ነው። ቆማ የምትፍቅ ሴት ለማየት የመንደሩ ልጆች በአጥሩ ይንጠለጠሉ ነበር። ጠዋት ጠዋት እኔ ከሁሉ በፊት «እንዴት አደረ?» እላታለሁ፣ እሷም «ይመታል፣ ግን ሩቅ ነው» ትለኛለች፤ አንዳንድ ቀን «ቀርቧል» ትል ነበር፣ በዚያን ቀን ሁላችንም በሹክሹክታ ነበር የምናወራው።

በመስከረም፣ ሳልጠይቃት፣ የአረፋ ቀሚሷን ለብሳ እጄን ያዘች። «ጎንበስ ማለቱን እኔው ቀስ እያልኩ እችለዋለሁ» አለችኝና ትምህርት ቤት ወሰደችኝ። በሩን ስናልፍ ትከሻዋ ከምሰሶው ጋር ተጋጨ፣ ሳትቆም አለፈች። አንደኛ ክፍል ከሁሉም ረዝሜ ተቀመጥኩ፣ ልጆቹም «እማማ ሰሚራ» ብለው ስም አወጡልኝ። ስሙ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከተለኝ።

አሁን እማ ፕላስቲክ ወንበር ላይ እየሰገደች፣ በዓይኗ መሀል የቀረላትን ብርሃን ይዛ አርጅታለች፤ ወንበር ላይ የሚሰግድ ሰው በየመስጊዱ ስለሞላም ማንም ለምን ብሎ አይጠይቃትም። የወፍጮ ቤቱ ቦታ ላይ ባለ ፎቅ ቆሟል። እኔ እሷ ያኔ ከነበረችበት ዕድሜ አልፌያለሁ። በሽታው በዘር እንደማይሄድ የሕክምና መጻሕፍት አንብቤ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከሱጁድ ቀና ባልኩ ቁጥር ሳልነቃነቅ እቆይና የመስኮቱ ፍሬም፣ የመጋረጃው አበባ፣ የገዛ ጣቶቼ በቦታቸው መኖራቸውን አያለሁ። አሉ። ሁልጊዜም አሉ። ባለፈው አብራኝ የሰገደች የሥራ ባልደረባዬ መስገጃዋን እያጠፈች «ዱዓሽ ረዥም ነው፣ እኛንም አስቢን» አለችኝ። ላርማት አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ተውኩትና «ኢንሻአላህ» አልኳት።