ሐርቡ ላይ የጣልኩት ቃል

በደርግ ጊዜ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ከአንዲት ሸክላ ሠሪ ጋር አጥር ለአጥር እንኖር ነበር። ከጎንደር በኩል የመጡ ቤተ እስራኤል ናቸው፤ በእናቴ ዕድሜ። እሳቸው ይሠራሉ፣ እኔ እግሬ ቤት አያውቅም ነበርና እያዞርኩ እሸጣለሁ። ድስቱንና እንስራውን በጭድ ጠቅጥቄ በጭነት መኪና ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፤ ከዚያ ሐርቡ፣ ሲሻኝም ደጋን። እስክመለስ ልጆቼ እሳቸው ጋ ነው የሚውሉት። ኬላ ላይ ፈታሾቹ በየእንስራው እጃቸውን ሰደው ጭድ ይዘው ሲወጡ እስቃለሁ፤ በሆዴ ነው እንጂ በጥርሴማ ማን ደፍሮ።

ቅዳሜያቸውን እወደው ነበር። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱ ይጠፋል፣ ጭቃው እርጥብ ጨርቅ ይለብሳል። በማግስቱ ነጭ ለብሰው ደጃፋቸው ላይ ይቀመጣሉ።

«ዛሬም ምንም አይሠሩ?» እላቸዋለሁ ለነገሩ ያህል።

«ጭቃውም ይረፍ እንጂ። ስድስት ቀን ሙሉ ስጠፈጥፈው አይሰለቸው መሰለሽ?»

በደርጉ መጨረሻ ከዘመዶቻቸው ጋር ኢየሩሳሌም ገቡ። እኔ አርጅቼም ቅዳሜ ጠዋት ሲሆን ያ ዝም ያለ ደጃፍ ይናፍቀኛል።

ያጠፋሁት ሐርቡ ላይ ነው። አንዲት ሴት ድስት አንስታ በጣቷ መታ መታ አድርጋ ድምፁን ሰማችና ወደደችው። ከዚያ፣ «የማን እጅ ነው? የዚያች የቧንቧ ውሃዋ ቡዳ እንዳይሆን» አለችኝ። ያኔ ሸክላ የሚሠራና ብረት የሚቀጠቅጥ ሁሉ በዓይኑ ሰው ይበላል ይባል ነበር።

«ኧረ እቴ! ይሄ የአክስቴ እጅ ነው። እሷንማ ጎረቤቷ ሆኜ እኔም ልጆቼን ነው የምደብቅባት» አልኳት። ምላሴን እንኳ አላደናቀፈኝም። ድስቱን ወሰደች፤ አጠገቧ ያሉትም ገዙ።

ወሬው ደሴ ደረሰ። «ጎረቤቷ እንኳ ልጆቿን ትደብቅባታለች» ተባለ። ከደጃቸው ይገዙ የነበሩ ሴቶች አንድ በአንድ ቀሩ፤ ግድግዳው ሥር የተደረደረው እንስራ አቧራ ለበሰ። እሳቸው ማን እንዳለው አላወቁም። እኔ ዱዓ አደርጋለሁ፣ ሰደቃ እሰጣለሁ፤ ለሳቸው ግን ትንፍሽ አላልኩም። ከአላህ ጋር ከጨረስኩ ያለቀ መስሎኝ።

ክረምቱ ወጣ። አስተስርዮ የሚሉት ጾም አላቸው፤ ቀኑን ሙሉ እህል ውሃ ሳይቀምሱ ስለ ኃጢአታቸው የሚለምኑበት። ዋዜማው ላይ እጃቸውን ታጥበው ደጄ መጡ።

«ልጄ፣ ዓመቱን ስንኖር ያስቀየምኩሽ ካለ ይቅር በይኝ። ባለፈው ዶሮሽን በድንጋይ ብያታለሁ።»

እንባዬ ቀደመኝ። «በዶሮ ነው ደግሞ? የበደልኩዎስ እኔ ነኝ» ብዬ የሐርቡን ነገር ዘረገፍኩት፣ ስለ ልጆቼ ያልኩትንም ሳላስቀር።

ቀስ ብለው፣ «አዝያቸዋለሁ እኮ እነዚህን ልጆች» አሉ።

«አላህ ይቅር እንዲለኝ ስንቴ ለመንኩ መሰለዎ።»

«እሱን የበደልሽውን እሱ ይተውልሻል። የኔን ከኔ ነው የምትጠይቂው። ቄሶቻችን እንዲህ ነው ያስተማሩን፤ ከበደሉት ሰው ሳይታረቁ ቢጾሙ ረሃብ ነው ትርፉ።»

«እኛም የሰው ሐቅ እንላለን» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

«ታዲያ እያወቅሽው ነዋ!» አሉ። «የኔን ትቼልሻለሁ። ሐርቡ የጣልሽው ግን እኔ ጋ የለም። ሄደሽ አንሺው።»

በገበያው ቀን ባዶ እጄን ወረድኩ። ሴትዮዋን ሽንኩርት ስትመርጥ አገኘኋት፤ ያን ዕለት የገዙትም አጠገቧ ነበሩ።

«ያ ድስት የቧንቧ ውሃዋ ሸክላ ሠሪ እጅ ነው። ዋሽቻችኋለሁ። ልጆቼን የሚይዙልኝ እሳቸው ናቸው።»

«ጉድ ፈላ! እስከ ዛሬ በዚያ ስንበላ?»

«ሆድሽን ቆርጦሻል?» አለቻት ጓደኛዋ።

«ኧረ ምንም።»

«እንግዲያማ ቡዳዋ ይቺ ነጋዴ ናታ!»

ሳቁብኝ። ወላሂ፣ ያ ሳቅ ኮምቦልቻ ድረስ ተከተለኝ። ከነሱ አንዷም ዳግመኛ ከኔ አልገዛችም። ሁለቱ ግን ደሴ ሲወጡ ሸክላ ሠሪዋ ደጃፍ ድረስ ሄደው እንስራ መግዛት ጀመሩ።

«አነሳሁት» አልኳቸው ስመለስ።

«ገና ነሽ። ያው ጥያቄ ዳግመኛ ሲመጣብሽ ምን እንደምትይ ያኔ እናያለን።»

ከወራት በኋላ መጣ። ደጋን ላይ፣ ፀሐዩ ናላዬን አዙሮት፣ የቀረኝ አንድ ትልቅ እንስራ ነበር። ልጇን ልትድር የምትሰናዳ ሴት አገላብጣ አየችው። «የማን ሥራ ነው?» አለች። የምመለስበት መኪና ጡሩምባውን ይነፋል። አክስቴ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣች።

«ቧንቧ ውሃ ያሉት ቤተ እስራኤል ናቸው። ጎረቤቴ ናቸው» አልኩ።

እንስራውን አስቀምጣ እጇን በነጠላዋ ጠራረገችና ሄደች። መኪናውም አመለጠኝ። ሌላ መኪና እስካገኝ እንስራውን አዝዬ መንገዱን ተያያዝኩት።

ደሴ ስገባ ሸክላ ሠሪዋ ከነእንስራዬ አዩኝና ነገሩ ገባቸው። ተቀብለውኝ አወረዱት።

«ከበደሽ?»

«አንገቴን ሰበረኝ።»

«ለአንገትስ ቅቤ አለ» ብለው አስቀመጡኝ፤ እያሹኝም ስለ ደጋን ገበያ ጠየቁኝ።