የጣሃ ጥንቃቄ

ጣሃ ሲወድ ልክ አያውቅም። ወሎ ሰፈር ተሳፋሪ የሚጠብቁት ባልደረቦቹ፣ የሜትር ታክሲ ሹፌሮች፣ «ሚስቱን በጥጥ ጠቅልሎ ነው የሚያኖራት» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ ደግሞ «ፀሐይ አላስነካትም!» እያለ ይኮራል። ምን ያድርግ? ሳና ሁለት ጽንስ ጨንግፎባታል። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ሦስተኛውን ስታረግዝ ሰሚት ካለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አስቀመጣትና ደረጃ መውረድን ሐራም አደረገባት። ለሐኪም ቀጠሮ ካልሆነ አትወጣም፤ ያኔም ተሸፋፍና ከደጅ በቀጥታ መኪና ውስጥ ትገባለች። በጎረቤት ዓይን እንዳትበላ መጋረጃው እንኳ አይገለጥም። «ጣሃዬ፣ ግቢ ወርጄ ትንሽ ልቀመጥ» ስትለው «ከወለድሽ በኋላ» ይላል። አጥንቴን አመመኝ ስትለው ደግሞ እርግዝናው ነው ብሎ እግሯን ያሽላታል። ደግ ሰው ነው፤ ክፋቱ ደግነቱ ማንንም አለመጠየቁ።

ልጁ በሰላም ተወለደ። ስም ሳይወጣለት ግን አንድ ጠዋት ጡት እየጠባ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከዚያ እግሩ ተከተለ። ዓይኑም ወደ አንድ ጎን ሄዶ ቀረ።

ጣሃ የቦሌን መንገድ እንደ መዳፉ ያውቃል፤ የዚያን ዕለት ግን ሁሉም ተዘጋግቶ ጠበቀው። ክላክሱን እያንባረቀ፣ በስፖኪዮ ወደ ኋላ እያየ፣ «ይተነፍሳል?» ይላል።

«ወደፊት እይ! ዝም ብለህ ንዳ!» አለችው ሳና። እንዲህ ጮኻበት አታውቅም።

ሆስፒታል ደርሰው ደሙ ሲመረመር ካልሲየሙ ክፉኛ ወርዶ ተገኘ። የሕፃናት ሐኪሟ ዶክተር ሶሬቲ መድኃኒቱን በደም ሥሩ ቀስ እያለች ትሰጠው ጀመር። ከፈጠነ ልብ ሊያቆም ይችላል። ዓይኗን ከልብ ምት ማሳያው ሳትነቅል ሳናን ጠየቀቻት።

«እርጉዝ ሳለሽ ፀሐይ ታገኚ ነበር?»

ሳና ባሏን አየችው። «እኔ... መውጣት ብዙም አልወድም፣ ዶክተር።»

ጣሃ ዓይኑን ከእሷ አሽሽቶ ልጁ ላይ ተከለ።

«እንደጠረጠርኩት ነው። ቪታሚን ዲ ሰውነታችን በአብዛኛው የሚሠራው ከፀሐይ ነው። አንቺ ከሌለሽ ሆድሽ ውስጥ ያለው ልጅ ከየት ያገኛል? ቪታሚኑ ሲያንሰው ካልሲየሙ ወረደ፤ ያንቀጠቀጠውም እሱ ነው።»

ድንገት የልጁ እጅ መንቀጥቀጡን አቆመ። ጣሃ አልጋው ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «ሞተ?»

«ተኝቷል። ልቡ ደህና ነው» አለች ዶክተር ሶሬቲ። ወደ ሳና ዞራ «የቪታሚን ጠብታ እንሰጠዋለን፤ አንቺንም እንመረምርሻለን። ከእንግዲህ ግን ስንፍና የለም! ጠዋት ጠዋት ትወጫለሽ» ስትል ተቆጣቻት።

ሳና አንገቷን ደፍታ «እሺ» አለች።

ያቺ እሺታ ጣሃን አንጀቱን በላችው። «እሷን አይቆጧት፣ ዶክተር» አለ። «ልውጣ እያለች ስትለምነኝ የከለከልኳት እኔ ነኝ።»

ሳና አላስተባበለችም። ከጠዋት ጀምሮ ያልወረደው እንባዋ ያኔ ወረደ።